ግእዝን በጕልምስና መማር፤ ከእንጦጦ ጉባኤ ቤት እስከ እጅ ስልክ

፩

ግእዝ ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ከእናት ጡት ጋራ የማይጠባ፥ በትምህርት ብቻ የሚገኝ ቋንቋ መሆኑ ነው። የአክሱም መንግሥት ኃይል ከደከመ በኋላ የሕዝብ መነጋገሪያ መሆኑ ቀስ በቀስ እየቀረ ሄዶ በመጨረሻው የቤተ ክርስቲያን፥ የቤተ መንግሥትና የመጻሕፍት ቋንቋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ብዙ መቶ ዓመታት ግእዝን ያወቀ ሰው ሁሉ አስቀድሞ በሌላ ቋንቋ አፉን የፈታ ሰው ነው። ስለዚህ የግእዝ ታሪክ ከሞላ ጐደል የመማር ታሪክ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። መማሩም በየዘመኑ በተገኘው መሣሪያ፥ ማለት በብራና፥ በማተሚያ፥ በድምፅ መቅረጫ፥ በመጨረሻም በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ መልኩን ሲለውጥ ኖሯል።

ከተማሪዎቹም መካከል በተለይ ሊመረመር የሚገባው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ለመማር የሚነሣው ሰው ነው። ሕፃኑ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ሳያስበው የሚለምደውን ነገር ጎልማሳው እያሰበ፥ እየጠየቀ፥ ከሥራውና ከቤተ ሰቡ ጊዜ እየቀነሰ መማር አለበት። የዘመኑ መሣሪያ ደግሞ ከማንም ይልቅ ለእርሱ የተሠራ ይመስላል፤ ምክንያቱም መምህሩ በሌለበት ሰዓትና ስፍራ መጽሐፉንም ድምፁንም ያቀርብለታል። ነገር ግን አንድ መሣሪያ ከመምህሩ ሥራ የትኛውን ክፍል ይወስዳል? የትኛውንስ ሳያውቅ ይተወዋል? የሚለው ጥያቄ ሳይመረመር መሣሪያውን ማመስገንም ሆነ መንቀፍ ፍሬ የለውም። ለዚህ ምርመራ የእንጦጦ ተራራና የየካ አካባቢ ጥሩ ምሳሌ ይሆናሉ፤ የብዙ ዘመናት የትምህርት መሣሪያዎች በአንድ ሰንሰለት ላይ ጐን ለጐን ይገኛሉና።

፪

ዳግማዊ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ በ1870ዎቹ ዓመታት ከተማቸውን ወደ እንጦጦ አመጡ። በዚያን ጊዜ በተራራው ግርጌና በየካ አካባቢ ይኖር የነበረው ሕዝብ በብዛት የቱለማ ኦሮሞ ስለ ነበረ የአገሩ መነጋገሪያ ኦሮምኛ ነበር። ከሠራዊቱና ከቤተ መንግሥቱ ጋራ አማርኛ ወጣ፤ ከታቦቱና ከካህናቱ ጋራ ደግሞ ግእዝ ወጣ። ሆኖም ግእዝ በዚህ ተራራ ላይ ሲሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያው አልነበረም። በየካ ኮረብታ ላይ ከአንድ ቋጥኝ ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል፥ ዕድሜው ሊቃውንትን ሲያከራክር የኖረ ቢሆንም፥ ከከተማይቱ መቈርቈር አስቀድሞ በአካባቢው ጸሎት ይደረስ እንደ ነበረ ይመሰክራል።

ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በእንጦጦ ማርያም ሲቀቡ የንግሡ ሥርዐት በግእዝ ጸሎት ተፈጸመ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቈርቍራ ስለ ነበረ ቤተ መንግሥቱና ሕዝቡ ወደ ፍል ውሃ ወረዱ፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ግን በተራራው ላይ ቀሩ። ከተማው ሲወርድ ትምህርቱ በላይ ቈየ ማለት ነው። በ1871 ዓ.ም. በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፥ ኋላ ብላቴን ጌታና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ደራሲ፥ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከተማሩባቸው ስፍራዎች አንዱ እንጦጦ ራጉኤል ነበር። እኒሁ ሰው ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤት አቋቁመው መጻሕፍትን ማሳተማቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ በቃል የተማረው ትውልድና በማተሚያ ያስተማረው ትውልድ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ መገናኘታቸውን ያሳያል።

፫

ማተሚያ ከመምጣቱ በፊት የነበረው የትምህርት ሥርዐት ምን ያህል በጆሮ ላይ የተመሠረተ እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሕፃኑ ፊደልን ከቈጠረ በኋላ በንባብ ቤት ቍጥር፥ ግእዝ፥ ውርድ ንባብና ቍም ንባብ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወጣል፤ ዳዊትንም ይደግማል። በዚህ ጊዜ የሚያነበውን አይተረጕምም፤ የሚጠየቀው ድምፁን ማስተካከል ብቻ ነው። በየትኛው ቃል ላይ ድምፅ እንደሚነሣ፥ በየትኛውም እንደሚወድቅ ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ሰያፍና ተጣይ በተባሉት የንባብ ስልቶች ይለያል። ትርጕምና ሰዋስው የሚመጡት ኋላ በቅኔ ቤት ነው።

ወደ ቅኔ ቤት የሚገቡት በአብዛኛው ሕፃንነትን የጨረሱ ወጣቶችና ጎልማሶች ናቸው። ከዋድላ፥ ከጎንጅ፥ ከዋሸራ የመሳሰሉት ስመ ጥር ጉባኤዎች ለምድ ለብሰው፥ አኵፋዳ ይዘው፥ ደጅ ለደጅ እየለመኑ የሚማሩትን ተማሪዎች የሳቡት በዚህ ትምህርት ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው በመጀመሪያ ግስ ያጠናል። ግሶች ሁሉ ቀተለ፥ ቀደሰ፥ ገብረ፥ አእመረ፥ ባረከ፥ ሤመ፥ ብህለ፥ ቆመ በተባሉት ስምንት አርእስት ሥር ይመደባሉ፤ አንዱ ራስ ሲታወቅ በሥሩ ያሉት ሠራዊት ሁሉ እንደ እርሱ ይረባሉ። ከዚህ በኋላ ተማሪው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ዘአምላኪየ፥ ወደ ሚ በዝኁ፥ ወደ ዋዜማ፥ ወደ ሥላሴ እያለ እስከ መወድስ ድረስ ይወጣል። ቀን ከዛፍ ሥር ብቻውን ተቀምጦ የቈጠረውን ቅኔ በማታ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ስሕተቱም በዚያው ይታረማል። የተነገረው ቅኔ በወረቀት ላይ አይሰፍርም። ዛሬ የተነገረ ቅኔ ነገ አይደገምም፤ ስለዚህ ተማሪው በየቀኑ አዲስ ዐረፍተ ነገር በማያውቀው ቋንቋ ለመፍጠር ይገደዳል።

ይህ ሥርዐት በዛሬው ዘመን የቋንቋ መምህራን ሁሉ የሚመኙትን ነገር አስቀድሞ ያገኘ ነው ለማለት ይቻላል። ተማሪው ቋንቋውን የሚማረው ስለ ቋንቋው በመስማት ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ በቋንቋው በመሥራት ነው። የጆሮንም ኃይል ለማስረዳት በጎጃም የቅኔ መምህር የነበሩትን እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን መጥቀስ ይበቃል። እኒህ ሴት ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ብዙ ወንዶች ተማሪዎችን አስተማሩ። መጽሐፍ ሊያነቡ የማይችሉ መምህር የቅኔ ጉባኤ መምራታቸው ትምህርቱ በመሠረቱ የዓይን ትምህርት እንዳልነበረ ያረጋግጣል።

ነገር ግን ሥርዐቱ ዋጋ ያስከፍል ነበር። ተማሪው ከቤተ ሰቡ ተለይቶ፥ ሥራውን ትቶ፥ ዓመታትን በስደት ማሳለፍ ነበረበት። ባለ ትዳሩ፥ ነጋዴው፥ የመንግሥት ሠራተኛው፥ ሴቲቱም ከጥቂቶች በቀር ከዚህ ውጭ ነበሩ። ጎልማሳው በጉባኤ ቤት ይገኝ ነበር፤ ነገር ግን ከጕልምስና ኑሮው ጋራ ሊማር አይችልም ነበር።

፬

ማተሚያ ይህን ዋጋ የቀነሰ የመጀመሪያው መሣሪያ ነው። የግእዝ ፊደል በማተሚያ የታየው ከኢትዮጵያ ውጭ ነው፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1513 ዮሐንስ ፖትከን ዳዊትን በሮማ አሳተመ። በዚያችው ከተማ በቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ይኖሩ የነበሩት አባ ተስፋ ጽዮን በ1540ዎቹ መጨረሻ ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ። ከዚህ በኋላ ኢትዮጵያን ያላየ ሰው ግእዝን ከወረቀት ለመማር የሚችልበት መንገድ ተከፈተ።

በዚህ መንገድ ከሄዱት ሁሉ የበለጠ የታወቀው ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ ግእዝን አስቀድሞ ከመጻሕፍት ጀምሮ ሳለ በ1649 በሮማ ከመካነ ሥላሴው ተወላጅ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋራ ተገናኘ። በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ ተጠርተው ሄዱና ከእርሱ ጋራ ሠሩ። የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱ በ1661፥ የአማርኛው ደግሞ በ1698 ታተመ። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 በባሕር ላይ መርከብ ተሰብሮ ሞቱ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የአውሮጳ የኢትዮጵያ ጥናት መጀመሪያ ተብሎ ይነገራል። በተማሪው በኩል ሲታይ ግን ሌላ ትምህርት አለው። ሉዶልፍ መጽሐፍ ነበረው፤ ከመጽሐፉ ያላገኘውን ለማግኘት ግን ሰው መፈለግ ነበረበት።

በኢትዮጵያ ውስጥም በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትና ከእርሱ በኋላ የተነሡት ማተሚያ ቤቶች የጸሎት መጻሕፍትን በብዛት አወጡ፤ የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የፊደል ገበታም በየቤቱ ገባ። ለጎልማሳው የግእዝ ተማሪ ከሁሉ የበለጠው ስጦታ ግን በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ነው። ሥራውን የጀመሩት መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ናቸው፤ ደቀ መዝሙራቸው ኪዳነ ወልድ ቀጠሉት፤ እርሳቸውም ሲያርፉ ደስታ ተክለ ወልድ ለኅትመት አበቁት። ሦስት ትውልድ የተረካከበው ይህ መጽሐፍ ግእዙን በአማርኛ ይተረጕማል፤ በመሆኑም በ1865 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የታተመው የዲልማን መዝገበ ቃላት በላቲን የዘጋውን በር ለአማርኛ አንባቢ ከፈተለት።

ሆኖም መጽሐፉ ለጀማሪው ቀላል አይደለም። ቃላቱ የተደረደሩት በሀለሐመ ተራ ሳይሆን በአበገደ ተራ ነው፤ ስለዚህ አንባቢው ቃል ከመፈለጉ በፊት የፊደሉን ቅደም ተከተል እንደ ገና መማር አለበት። ቃሉንም ለማግኘት ሥሩን ማወቅ ያስፈልጋል። መዝገበ ቃላቱ ጥቂት ለሚያውቅ ሰው ብዙ ይሰጣል፤ ምንም ለማያውቅ ግን አፉን አይከፍትም።

፭

ማተሚያው ሊሰጥ ያልቻለው ዋናው ነገር ድምፅ ነው። ምክንያቱም የግእዝ ፊደል፥ አናባቢን አጥርቶ የሚያሳይ ቢሆንም፥ መጥበቅንና መላላትን አያሳይም። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ጕድለት በራሱ ቋንቋ አይሰማውም፤ ገና ብሎ ሲጽፍ በዓሉን ይሁን ጊዜውን አንባቢው ከነገሩ አገባብ ይለየዋል። በግእዝ ግን አንባቢው የአፍ ልማድ የለውም። ቀተለና ቀደሰ በጽሑፍ ሲታዩ ሁለቱም ሦስት ግእዝ ፊደላት ናቸው፤ በጆሮ ግን የቀተለ መካከለኛ ፊደል ይላላል፥ የቀደሰ ይጠብቃል። ይህ ልዩነት የድምፅ ጌጥ ብቻ አይደለም። ቀተለ በካልአይ ይቀትል ሲል ቀደሰ ይቄድስ ይላል። የደን መጥበቅ ያልሰማ ተማሪ ግሱን ከየትኛው ራስ ሥር እንደሚመድበው አያውቅም፤ ከተሳሳተ ራስ ሥር የመደበውን ግስ ደግሞ እስከ መጨረሻው ተሳስቶ ያረባዋል።

አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ጎልማሳ ሌላም ወጥመድ ይጠብቀዋል። ብዙው የግእዝ ቃል የሚያውቀው ይመስለዋል። ነበረ የሚለውን ሲያነብ የአማርኛውን ነበረ ያስባል፤ በግእዝ ግን ተቀመጠ፥ ኖረ ማለት ነው። ፈቀደ በአማርኛ መፍቀድ ሲሆን በግእዝ መውደድና መፈለግ ነው። ኀደረ በአማርኛው አደረ አንዲት ሌሊት ብቻ ሲያሳድር በግእዝ መኖርን ያመለክታል። ከኦሮምኛ ወይም ከሌላ የኩሽ ቋንቋ የሚመጣው ተማሪ ቃሉን ሁሉ እንደ አዲስ ስለሚማረው በዚህ ወጥመድ ብዙ አይያዝም። መቀራረብ ሁልጊዜ ረድኤት እንዳልሆነ ቅኔ ቤት ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ስለዚህም መምህሩ የተማሪውን ትርጕም በየማታው ይሰማል።

ድምፅ መቅረጫ በተለይም ካሴት ወደ አገር ሲገባ ይህ የማተሚያ ጕድለት በከፊል ተሞላ። ቅዳሴና ዜማ በካሴት ተቀርጾ መሸጥ ጀመረ፤ ከየኔታ ርቆ የሚኖር ዲያቆን ወይም ምእመን ክሩን እየመለሰ አንዱን ዐረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ለመስማት ቻለ። ድካምን የማያውቅ፥ የማይቈጣ መምህር ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን ካሴቱ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ተማሪው ተነሹን በወዳቂ ቢያነብ፥ የሚጠብቀውን ቢያላላ፥ ካሴቱ ዝም ብሎ ይቀጥላል፤ ስሕተቱም በመደጋገም ይጸናል።

፮

የጽሕፈት መኪና፥ ኋላም ኮምፒዩተር፥ ሌላ ጥያቄ አመጣ። የፊደሉ ቅርጾች ከ200 የሚበልጡ ስለ ሆኑ ለላቲን ፊደል በተሠራ መኪና ላይ በቀላሉ አይሰፍሩም። ኢንጂነር አያና ብሩና ከእርሳቸው በኋላ የተነሡት ባለሙያዎች ቅርጾቹን በመከፋፈልና ምልክት በመቀጠል መኪናውን አማርኛ እንዲጽፍ አደረጉት። በዚያው ዘመን ሁሉ በድምፅ ተመሳሳይ የሆኑት ፊደላት፥ ማለት ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ወደ አንድ ይቀነሱ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይቀርብ ነበር፤ ከሚቀርቡትም ምክንያቶች አንዱ የመኪናው ጥበት ነው።

ለአማርኛ ብቻ ከታሰበ ሐሳቡ ክርክር የሚገባው ነው። ለግእዝ ግን እነዚህ ፊደላት የትርጕም ድንበር ናቸው። መሀረ አስተማረ ማለት ነው፤ ትምህርት ከእርሱ ይወጣል። መሐረ ይቅር አለ ማለት ነው፤ ምሕረት ከእርሱ ይወጣል። ሠረቀ ወጣ ማለት ስለ ሆነ ምሥራቅን ይወልዳል፤ ሰረቀ ግን ሌብነት ነው። ሠዐለ ሥዕልን፥ ሰአለ ስእለትን፤ ኀለየ ኅሊናን፥ ሐለየ ማሕሌትን ያስገኛሉ። ጎልማሳው ተማሪ እነዚህን ስምንት ግሶች ከነልጆቻቸው ካጠና በራሱ አማርኛ ውስጥ ተደብቆ የኖረውን ግእዝ ማየት ይጀምራል፤ የፊደሉን ልዩነት ካጣ ግን ስምንቱ አራት ይሆኑበታል።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዐት ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። እያንዳንዱ ቅርጽ የራሱን ቍጥር ስላገኘ ከእንግዲህ ወዲያ በመኪና ጥበት ምክንያት ፊደል የሚቀነስበት ምክንያት ቀረ። በ2005 ደግሞ ከፊደሉ ራስ ላይ የሚቀመጠው የጠብቆ ምልክት ቍጥር ተሰጠው። ስለዚህ ብራናው በልማድ ያልጻፈውን፥ ማተሚያውም ያላሳየውን መጥበቅ ለመጻፍ የሚያስችል መሣሪያ ዛሬ በእያንዳንዱ ሰው ኪስ ውስጥ አለ። ይሁን እንጂ ምልክቱን የሚጠቀምበት ሰው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከብዙዎቹ የስልክ የፊደል ገበታዎችም አይገኝም። መሣሪያው ሲፈቅድ ልማዱ አልተከተለም።

የቍጥሩ ሥርዐት ያመጣው አዲስ ችግርም አለ። ኮምፒዩተር ሀንና ሐን እንደ ወንድማማች አያያቸውም፤ ሁለት የማይተዋወቁ ቍጥሮች ናቸው። ጎልማሳው በእጅ ስልኩ ላይ ሀለየ ብሎ ቢፈልግ፥ ፈላጊው መሣሪያ ልዩነቱን እንዲያቻችል ካልተዘጋጀ በስተቀር፥ ኀለየንም ሐለየንም አያገኝም፤ ቃሉ በመዝገቡ ውስጥ የለም ብሎ ይተወዋል። እንዲያቻችል ቢዘጋጅ ደግሞ ሁለቱን ቀላቅሎ ያቀርብና ልዩነቱ የማይጠቅም ያስመስለዋል። በላቲን ድምፅ እየተመሩ በሚጽፉበት ገበታ የመጀመሪያው ሀ በአንድ ንክኪ ሲገኝ ሌሎቹ ተጨማሪ ንክኪ ስለሚጠይቁ የችኰላ ጽሕፈት ሁሉን ወደ ሀ ይስባል። በጽሕፈት መኪና ዘመን በክርክር ያልተወሰነው ነገር በስልክ ዘመን ያለ ክርክር እንዳይፈጸም ያሠጋል።

፯

እነዚህ ነገሮች በኢትዮጵያ ብቻ የሚታዩ አይደሉም። በሰሜን አሜሪካ በታላላቆቹ ሐይቆች ዙሪያ፥ በተባበሩት መንግሥታትና በካናዳ የሚኖረው የኦጂብዌ ሕዝብ ቋንቋውን ከልጅነት ጀምሮ የሚናገሩ ሽማግሌዎች እያነሱበት ስለ ሄዱ ብዙ ጎልማሶች የአያቶቻቸውን ቋንቋ እንደ አዲስ መማር ጀምረዋል። በ2012 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አማካይነት የተከፈተው የኦጂብዌ ሕዝብ መዝገበ ቃላት በኮምፒዩተር ላይ የሚነበብ ብቻ ሳይሆን የሚሰማ ነው፤ ለብዙ ቃላት የሽማግሌዎቹ ድምፅ ተቀርጾ ገብቶበታል። ከእርሱ ጋራ ሲተያይ የኪዳነ ወልድ መጽሐፍ በዕውቀት የማያንስ፥ ነገር ግን ድምፅ የሌለው መዝገብ ነው።

የሁለቱ ሁኔታ የሚለያይበት ነገርም መታለፍ የለበትም። ኦጂብዌ አፍ የፈቱበት ሽማግሌዎች አሉት፤ እነርሱ ሲያልፉ የሚጠፋውን መልሶ ማግኘት ስለማይቻል የመቅረጹ ሥራ ከጊዜ ጋራ የሚሽቀዳደም ነው። ግእዝ አፍ የፈታበት ሰው የለውም፤ በምትኩ ያልተቋረጠ ጉባኤና በየዕለቱ የሚደርስ ቅዳሴ አለው። ሁለቱም ቋንቋዎች ዛሬ በካናዳ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ይሰጣሉ። በዚያ የኦጂብዌ ወገን የሆነው አኒሺናቤ ቋንቋ ይሰጣል፤ ግእዝም ከ2017 መጀመሪያ አንሥቶ መሰጠት ጀምሯል። ለግእዙ ትምህርት መጀመር ከረዱት አንዱ በ2016 50,000 ዶላር የለገሰው ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ዘፋኝ አቤል ተስፋዬ ነው። በውጭ አገር ያደገ ትውልድ የአያቶቹን የጸሎት ቋንቋ በዩኒቨርሲቲ ሲማር ማየት በ1649 በሮማ ከታየው ጋራ ተመሳሳይም ተቃራኒም ነው።

በአገር ውስጥ ግን መሣሪያ ብቻውን ቋንቋን እንደማያድን የሚያስረዳ አሳዛኝ ምሳሌ አለ። በዓባይ አካባቢ ይነገር የነበረው ጋፋትኛ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ጄምስ ብሩስ ባስተረጐመው መኃልየ መኃልይ በጽሑፍ ሰፍሯል፤ ጽሑፉም በኦክስፎርድ ተጠብቋል። ቮልፍ ሌስላው በ1947 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ተናጋሪዎችን ሲፈልግ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ፤ ከእነርሱም የሰማውን በ1956 አሳተመ። ጋፋትኛ ዛሬ መጽሐፍ አለው፤ ተማሪና ጉባኤ ግን የለውም። ግእዝ ተናጋሪውን ካጣ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈው ሳለ ሲኖር፥ ጋፋትኛ በጽሑፍ ሰፍሮ ሳለ ጠፋ። ልዩነቱን ያመጣው የብራናው ብዛት ብቻ አይደለም፤ የግእዝ ድምፅ በየዕለቱ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ መተላለፉ ነው።

፰

በእንጦጦ ከፍታ ላይ ዛሬ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ሌላ ሁለት ታላላቅ መነጽሮች ያሉት የጠፈር ምርምር ጣቢያ አለ። በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. ወደ ጠፈር የተላከችው የመጀመሪያይቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት መልእክቷን የምትልከው ወደዚህ ጣቢያ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ብዙ ትምህርት ወደ እጅ ስልክ ተሻገረ፤ የግእዝም ትምህርት እንዲሁ በድምፅና በምስል እየተላከ መሰጠቱ ተለመደ። ከዚያ ወዲህ በየካም ሆነ በሌላው የከተማይቱ ክፍል ከሥራ ሲመለስ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ግስ የሚያደምጥ ጎልማሳ ቢገኝ እንግዳ ነገር አይደለም። በጉባኤ ቤት ቦታ ያልነበራት ሴት፥ ሱቁን ሊዘጋ የማይችለው ነጋዴ፥ ከአገር የራቀው ስደተኛ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ የትምህርት ገበታ ዙሪያ ሊቀመጡ ችለዋል። ይህ የማይናቅ ትርፍ ነው፤ የጥንቱ ሥርዐት በሩን ለእነዚህ አልከፈተላቸውም ነበርና።

ትርፉ ኪሳራ እንዳይሆን ግን ከላይ የታየው ታሪክ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል። አንደኛ፥ ለጎልማሳው የሚዘጋጅ ማንኛውም መዝገብ መጥበቁንና መላላቱን በምልክትም በድምፅም ማሳየት አለበት፤ ምልክቱ ከ2005 ጀምሮ ተዘጋጅቶ ሳለ መተው ምክንያት የለውም። ሁለተኛ፥ ፈላጊው መሣሪያ የተሳሳተውን ፊደል ተቀብሎ ወደ ትክክለኛው ሊመራ ይገባል፤ ሀለየ ብሎ የጠየቀውን ሰው ኀለየና ሐለየ ሁለት መሆናቸውን አስረድቶ ቢመልሰው ስሕተቱ ራሱ ትምህርት ይሆንለታል። ሦስተኛና ዋናው፥ ተማሪው በቋንቋው እንዲሠራ መደረግ አለበት። በስልክ የተማረ ሰው ብዙ ቃል ሊያውቅ ይችላል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ባለ ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ቈጥሮ በሚያርመው ሰው ፊት ካልነገረ ግን ቃሉ በእጁ እንጂ በአፉ አይገባም።

ለዚህ የሚያስፈልገው መምህር ደግሞ በመሣሪያ አይሠራም። መምህሩ የሚገኘው በገጠሩ ጉባኤ ቤት ዓመታትን ካሳለፉት ሰዎች መካከል ነው፤ የእነርሱም ቍጥር የሚወሰነው ዛሬ ለምድ ለብሶ ለመማር በሚወጣው ወጣት ብዛት ነው። ስለዚህ በከተማ ያለው የጎልማሶች ትምህርትና በገጠር ያለው የቅኔ ጉባኤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደርገው መታየት የለባቸውም። የኋለኛው ምንጭ ሲሆን የፊተኛው መስኖ ነው። በመስኖው ስፋት የሚደሰት ሰው ወደ ምንጩም መለስ ብሎ ማየት ይገባዋል፤ በየማታው የተማሪውን ቅኔ የሚሰማ ጆሮ ካልተገኘ በስልኩ ውስጥ የተከማቸው ድምፅ ሁሉ የሚመልስለት የሌለው ጥሪ ሆኖ ይቀራል።